ስሙን ያላወቅኩት ዘፈን 2,340 ፓውንድ ዕዳ ውስጥ ከተተኝ

ይህን የምጽፈው አሮጌ ሸክላ መሰብሰብ ለጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። በተለይ እንደኔ የ1980ዎቹን የእንግሊዝ ፖፕ ለምትወዱ። ኒው ዌቭ የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ሲንተሳይዘሩ (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ) የሚያለቅስበትን፣ ወንዶቹ ኩል የሚኳሉበትን። እኔ ስድስት ዓመት ተንገላትቼበታለሁ። እናንተ ባትንገላቱበት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ «ዓ.ም.» ካልኩ የኛው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ካሴት ነው። በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፤ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። አንድ ካሴት ነበረው። ከጓደኛው የቀዳው ነው፤ ጓደኛውም ከሌላ ጓደኛው የቀዳው። ሽፋኑ ላይ በቢክ እስክሪብቶ «እንግሊዝ 3» ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝ 1 እና 2 የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የዘፋኝ ስም የለም፣ የዘፈን ርዕስ የለም። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር የቤት ጭፈራ አንዴ ከተጀመረ ሳይነጋ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ትልልቆቹ መጋረጃ ዘግተው ሲጨፍሩ እኔ ሶፋው ጥግ ጋደም ብዬ እሰማለሁ።

በጀርባው በኩል ሦስተኛው ዘፈን ልቤን ይወስደው ነበር። ቀዝቀዝ ያለ ዜማ ነው፤ ክረምት ክረምት ይላል። ሰውየው በእንግሊዝኛ ይዘፍናል፣ አንዲት ሴት ደግሞ በሌላ ቋንቋ ታንሾካሹካለች። የምትለው ነገር አከራክሮናል። የጎረቤታችን ልጅ «ደብረ ምናምን ነው የምትለው፣ የገዳም ስም ነው» ብላ ድርቅ አለች። እኛም አመንናት።

በ2009 እንግሊዝ ስገባ የደረሰኝ ከተማ ሸፊልድ ነው። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ሥራ አገኘሁ። ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚሠራ ሰው ከተማ ውስጥ ይኖራል ማለት ይከብዳል። ሰው አታይም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እሁድ ጠዋት እንቅልፍ እየጣለህ ነው የምትቆመው። ብቸኛ ወሬኛዬ አንድ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ እንግሊዛዊ ባልደረባዬ ነበር። አንድ ሌሊት የሻይ ሰዓት ላይ ከካሴቱ የማስታውሰውን ሌላ ዘፈን ሳንጎራጉር ሰማኝና ሳቀ። «እሱ እኮ እዚሁ የተሠራ ነው» አለኝ። የዘ ሂውማን ሊግ «ዶንት ዩ ዎንት ሚ» ነበር።

ያን ሌሊት የነገረኝን አልረሳውም። በ1980 ቡድኑ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለቱ መሥራቾች፣ ማርቲን ዌር እና ኢያን ክሬግ ማርሽ፣ ወጥተው ሄቨን 17ን አቋቋሙ። የቀረው ዘፋኝ፣ ፊል ኦኪ፣ የኮንሰርት ጉዞ ደርሶበት ሰው አጣ። ክሬዚ ዴዚ የሚባል የሸፊልድ ጭፈራ ቤት ገባና ሁለት ሲጨፍሩ ያያቸውን የትምህርት ቤት ልጆች አብራችሁኝ ሥሩ አላቸው። ሱዛን አን ሰሊ እና ጆአን ካትሮል ይባላሉ። የዘፈን ልምድ አልነበራቸውም። በዓመቱ፣ በ1981 ገና ላይ፣ ዘፈናቸው የእንግሊዝ ቁጥር 1 ሆኖ አምስት ሳምንት ከዚያ አልወረደም። የሚገርመው ኦኪ ራሱ ዘፈኑን አልወደደውም ነበር። አልበሙ ላይ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ባልደረባዬ ይህን ሲያወራ ዓይኑ ያበራል። ያኔ ወጣት ነበር። ሥራ የለም። የብረት ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። በጥር 1982 በብሪታንያ የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አለፈ። «ኪሳችን ባዶ ነበር፣ ግን ቅዳሜ ማታ የፊልም ተዋናይ መስለን እንወጣ ነበር» አለኝ። ያ ሙዚቃ የሚያብረቀርቀው ከድሎት የተነሳ ይመስለኝ ነበር። አይደለም ለካ። ጊታር ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲንተሳይዘር ግን በአንድ ጣትም ዜማ ይወጣለታል። ዋጋውም እየቀነሰ ነበር። ሥራ የሌለው የሸፊልድ፣ የሊድስ፣ የባዝልደን ልጅ መኝታ ክፍሉ ቁጭ ብሎ ዘፈን ሠራ። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማዋ ለኔ ሌላ ሆነች። ባስ ስሳፈር እንኳ «እዚህ ጋ ቆመው ይሆን?» እላለሁ። የማላውቀው አገር ድንገት የወንድሜ ካሴት አገር ሆነ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው በ2013 ነው። አንድ ቻሪቲ ሾፕ (ያገለገለ ዕቃ ለበጎ አድራጎት የሚሸጥበት ሱቅ) ውስጥ 40 ትንንሽ ሸክላ በካርቶን ሞልቶ በ20 ፓውንድ አየሁ። ገዛሁት። ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻም ገዛሁና ቤት ካለኝ ቴፕ ጀርባ፣ «ኦክስ» የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ድምፁ ቀጭን ሆነ። ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለች ትንኝ ይጮኻል። የያንዳንዱን መጀመሪያ 15 ሴኮንድ እየሰማሁ፣ በደብተር ስሙን እየጻፍኩ፣ አጠገቡ «የማይረባ» እያልኩ 38ቱን ሸክላ ለዚያው ሱቅ መለስኩ። ተታለልኩ ብዬም ተናደድኩ።

ሸክላው ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ጎርናናው ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጎላል። ሲጫወት ያንን የሚያስተካክልና ደካማውን የመርፌ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፎኖ ፕሪአምፕ ይሉታል። አንዳንድ አምፕሊፋየር ጀርባው ላይ «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ አለው፤ እዚያ ከሰካችሁ በቂ ነው። ከሌለው ለብቻው ይሸጣል፤ ርካሹ ከ20 ፓውንድ ብዙ አይርቅም። አንዳንዱ ማጫወቻ ደግሞ ውስጡ አለው። ድምፁ ቀጭንና ደካማ ከሆነባችሁ ሸክላውን ከመስደባችሁ በፊት ይህን እዩ። የዚህ ስህተት ሒሳብ ከሰባት ዓመት በኋላ መጣብኝ፤ እነግራችኋለሁ።

እኔ ግን አልጠየቅኩም። ሄጄ ሌላ ማጫወቻ ገዛሁ፤ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ድምፅ ማጉያው ውስጡ ያለ፣ የሚያምር። ድምፁም ደህና ነው። ችግሩ መርፌው ነው። ደህና ማጫወቻ ሸክላ ላይ 2 ግራም አካባቢ ነው የሚጫነው። የኔዋ ሻንጣ ከዚያ በእጥፍ በላይ ትጫን ነበር፤ ክብደቱንም ማስተካከያ የላትም። የምወዳቸውን ሸክላዎች ደጋግሜ እያጫወትኩ ጎድጎዳቸውን ፋቅኋቸው። የሶፍት ሴል «ቴይንትድ ላቭ» ዛሬ ዝናብ ከበስተጀርባው ያለ ይመስላል። ያ ዘፈን ለነገሩ የነሱ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ግሎሪያ ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የዘፈነችውን ነው ሊድስ ውስጥ የተገናኙት ሁለቱ ልጆች በ1981 አቀዝቅዘው ቁጥር 1 ያደረጉት። መርፌም ያልቃል። ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት አካባቢ ቆጥራችሁ ቀይሩት። ያለቀ መርፌ ቢላ ነው።

ከዚያ የኦንላይኑ ገበያ ያዘኝ። ይህን ክፍል ሳላሳምር ነው የምናገረው። ከሺፍት ስመለስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ለሥራ ስትወጣ እኔ አልጋ ላይ ስልኬን ይዤ እተኛለሁ። እንቅልፍ እምቢ ይላል። አንድ ሸክላ እገዛለሁ። ደስታው ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ሌላ። እቃው ሲመጣ ያለው ደስታ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንዳንዱን ፖስታ ሳልከፍተው ሳምንት ያልፈዋል። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ግን ሁሌ አንድ ነው፦ ያንን ዘፈን እየፈለግኩ ነው። የምታንሾካሹከዋን ሴት።

ሴትየዋ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ካደግሁ በኋላ ገምቼ ነበር። ስለዚህ የፈረንሳይ ዘፋኞችን ሸክላ መግዛት ጀመርኩ። ወደ 60 ገዛሁ። አንድም ቃል አልገባኝም፣ አንዱም እሷ አልነበረችም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ልብስ መሸጫ ውስጥ የሚመስል ነገር ሰምቼ ደንዝዤ ቆሜያለሁ። «አይደለም፣ ይሄ ይንቀረፈፋል፤ የኛው ፈጣን ነው» ብዬ ወጣሁ። ይቺን ያዙልኝ።

በዚህ መሃል የሠራኋቸውን ስህተቶች ሁሉ ብዘረዝር አይበቃኝም፤ ገንዘብ የበሉትን ብቻ ልንገራችሁ።

የኒው ኦርደር «ብሉ መንደይ» በ1983 የወጣ ነው። በእንግሊዝ ታሪክ እንደሱ የተሸጠ ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ የለም። ፒተር ሳቪል ሽፋኑን እንደ ኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ አድርጎ ነው የነደፈው። ፊቱ ላይ የዘፈኑም የቡድኑም ስም አልተጻፈም፤ ጠርዙ ላይ በተደረደሩ ቀለማት ነው በኮድ የተነገረው። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሽፋናቸው እውነተኛ ቀዳዳ አለው፤ ተቆርጦ ውስጡ ያለው ብርማ ወረቀት ይታያል። ማምረቻው ውድ ስለነበር አሳታሚው በየቅጂው ይከስር ነበር የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል። በኋላ የታተሙት ቀዳዳው የላቸውም። እኔ «የመጀመሪያ እትም» የተባለውን በ45 ፓውንድ ገዛሁ። ሲመጣ ቀዳዳ የለውም። ሻጩ «ቀዳዳ አለው አላልኩም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላለም። ፎቶውም ደብዛዛ ነበር። ደብዛዛ ፎቶ ያለውን ነገር አትግዙ። መሃሉ ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ ባለው ባዶ ክብ ተቀርጾ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በሉት። እትሙ የሚለየው በዚያ ነው። ካልላከ እለፉት።

ሌላው «ቬሪ ጉድ» የምትለው ቃል ናት። ስትተረጎም በጣም ጥሩ ማለት ናት አይደል? በሸክላ ነጋዴዎች አፍ ግን ጭረት አለው፣ ይንኮሻኮሻል ማለት ነው። ደህና ሸክላ ከፈለጋችሁ «ቬሪ ጉድ ፕላስ» ወይም ከዚያ በላይ የተባለውን ፈልጉ። ይህን ሳላውቅ ስንት «በጣም ጥሩ» ሸክላ ገዛሁ መሰላችሁ።

ደግሞ የሲዲ ስብስቦች አሉ። «የ80ዎቹ 60 ምርጥ ዘፈኖች» የሚል በ6 ፓውንድ ገበያ ላይ አገኘሁ። ቤት ስከፍተው ድምፁ የዘፋኙ ነው፣ ግን ዘፈኑ ያ ዘፈን አይደለም። ከበሮው ሌላ ነው። ሰውየውም አርጅቷል። ለካ ዘፋኞቹ ከዓመታት በኋላ እንደገና የቀረጹት ነው። ዋናው ቅጂ መብቱ የአሳታሚው ስለሆነ ብዙ ዘፋኞች እንዲህ ያደርጋሉ። ሽፋኑ ጀርባ ላይ በጉንዳን ፊደል ይጻፋል። ስልካችሁ ላይ በኢንተርኔት ስትሰሙም ያጋጥማችኋል። የዘፈኑን ርዝመት ከዋናው ጋር አስተያዩ፤ በ10 እና በ20 ሴኮንድ ከተለያየ ጠርጥሩ። የተጻፈው ዓመትም ብዙ ጊዜ ዳግም የወጣበት ነውና አያሳምናችሁ።

በዚያ ጊዜ በሐበሻው ዘንድ «የፈረንጅ ሙዚቃ አዋቂ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። ሊድስ ውስጥ የወዳጄ ሠርግ ላይ ለሙሽሮቹ ዳንስ ዘፈን ምረጥ ተባልኩ። ዘ ፖሊስ የሚባለውን ቡድን «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ» መረጥኩ። በ1983 ቁጥር 1 የነበረ፣ ለስላሳ፣ ለሠርግ የተሠራ የሚመስል። ሙሽሮቹ ሲሽከረከሩ የእንግሊዞቹ ጠረጴዛ እርስ በርስ ተያየ፣ ፈገግ ፈገግ አለ። ዘፋኙ ስቲንግ ራሱ ስለ ቅናትና ስለ ክትትል የተዘፈነ ነው ይላል። ጥላው የሄደችውን ሴት እግር በእግር የሚከታተል ሰው ዘፈን ነው። የሙሽራዋ እናት አልገባቸውም፤ እሳቸው መርቀውኛል። ከዚያ ወዲህ ግጥሙን ሳላነብ ለሰው ዘፈን አልመርጥም። የኦኤምዲ «ኢኖላ ጌይ»ም እንደዚያው ነው። እንዲህ የሚያስጨፍር ዜማ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ስለጣለው አውሮፕላን ነው። ስሙም የአውሮፕላኑ ስም ነው። እኛ አዲስ አበባ እስክስታ ሁሉ ወርደንበታል።

በታኅሣሥ ሌላ ፈተና አለ። መጋዘኑ ውስጥ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ባንድ ኤድ የሚባለው የዘፋኞች ስብስብ ዘፈን ይመጣል፣ ከዚያ ሁሉም እኔን ያያል። «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» ለኛ ነው የተዘፈነው። በጥቅምት 1984 ማይክል በርክ ከኮረም የላከው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ አገሩን አስለቀሰ። ቦብ ጌልዶፍ እና የአልትራቮክሱ ሚጅ ዩር ዘፈኑን ጻፉ። ኖቬምበር 25 ቀን 1984 ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል ያለ ስቱዲዮ ውስጥ የኒው ዌቭ ዘመን ግማሹ ተሰልፎ በአንድ ቀን ቀረጸው። ቦይ ጆርጅ፣ ዱራን ዱራን፣ ስፓንዳው ባሌ። በእንግሊዝ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እህል ገዝቷል፣ ሰው አትርፏል፤ ይህን አልክድም። ግን ርዕሱ ያስቀኛልም ያናድደኛልም። እኛ ገና መሆኑን እናውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ላሊበላን ያነጸ ሕዝብ! በየዓመቱ «እናውቃለን፣ ቀኑን ግን እናንተ ናችሁ የተሳሳታችሁት፤ ታኅሣሥ 29 ነው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሸክላውን በየቻሪቲ ሾፑ በ50 ሳንቲም ታገኙታላችሁ። እኔ አምስት አለኝ፤ ለምን እንደገዛኋቸው አትጠይቁኝ።

በ2019 የጸደይ ወራት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር ለጉብኝት ልትሄድ 85 ፓውንድ ክፈሉ ተባልን። ባለቤቴ በክሬዲት ካርዳችን ልትከፍል ስትሞክር አልሠራም። ደገመችው። አልሠራም። ያን ዕለት ማታ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ዕዳው 2,340 ፓውንድ ነበር። በየወሩ ትንሹን ብቻ እየከፈልኩ፣ ወለዱ እየጨመረ፣ ገደቡን ነክቼዋለሁ። አልጮኸችም። «አንተ፣ ሌላ ሴት ቢሆን እኮ ይገባኝ ነበር» ብቻ ነው ያለችው። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ የምመክራችሁ አለኝ። ዕዳውን ከመደበቅ መናገሩ ይቀላል። እንግሊዝ ውስጥ ያላችሁ ስለ ዕዳ የሚያማክሩት ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ስቴፕቼንጅ ጋ ሂዱ፤ በነፃ ነው። እኔ ሲቲዝንስ አድቫይስ ቁጭ ብዬ ገቢና ወጪዬን ሲጽፉልኝ የከበደኝ ሐፍረቱ ነበር። አማካሪዋ ስንት ሰው አይታለች፤ ቅንድቧ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ለባንኩ አብረን ጻፍን። ወለዱን አቆሙልኝ፣ በወር 90 ፓውንድ ተስማማን። ከስልኬ ላይ የካርዱን ቁጥር አጠፋሁ፤ ለመግዛት ተነስቶ ካርድ ማምጣት ካለብህ ግማሹ አምሮት በመንገድ ይቀራል። ከሺፍት በኋላ ስልኩ ሳሎን ይቀራል፣ እኔ መኝታ ክፍል።

ሸክላውን ልሸጥ ስነሳ ሌላ ትምህርት ጠበቀኝ። ወደ 400 ነበሩ። ሀብት የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ሱቅ ያለው ነጋዴ አንድ በአንድ አያቸውና «ወዳጄ፣ እነዚህ እኮ ቁጥር 1 የወጡ ናቸው» አለኝ። ታዲያስ? ቁጥር 1 የወጣ ሸክላ በየቤቱ አለ ማለት ነው። «ዶንት ዩ ዎንት ሚ» በእንግሊዝ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። «ቴይንትድ ላቭ» ከ1 ሚሊዮን በላይ። ስለዚህ ዋጋቸው አንድ ሁለት ፓውንድ ነው። ውድ የሚሆነው ማንም ያልገዛው ነው። ይህ ለሻጭ መርዶ፣ ለገዢ ግን የምሥራች ነው። የምትወዱት ታዋቂውን ዘፈን ከሆነ ከ3 ፓውንድ በላይ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም። ታገሱ፣ ሌላ ይመጣል።

ሁለት ሳጥን ደግሞ ማሞቂያው አጠገብ ደራርቤ አስቀምጬ እንደ እንጀራ እጥፍጥፍ ብለው አገኘኋቸው። አቁሙ እንጂ አታጋድሙ፣ ከሙቀትም አርቁ። አንድ መቶ ያህሉን አስቀረሁ፤ የቀረውን ሸጥኩ። ሁሉም ተደምሮ 410 ፓውንድ አመጣ።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ቤት ስንዘጋ የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ ቁም ሳጥን ሲያጸዳ ካሴቱን አገኘው። እንግሊዝ 3! የሆነ ቦታ የሚሠራ ቴፕ አፈላልጎ፣ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ ቀዳና በቴሌግራም ላከልኝ። ወጥ ቤት ቆሜ ሰማሁት። ሴትየዋ አለች። «ደብረ» አለች።

ዘፈን የሚለይ አፕ ከፍቼ አሰማሁት። አላወቀውም። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ልተወው ስል የመጋዘኑ ባልደረባዬ ትዝ አለኝና ደወልኩለት። ጡረታ ወጥቷል። በስልክ አሰማሁት። ትንሽ ዝም አለና «ለምንድነው የሚሮጠው?» አለ።

ያኔ ገባኝ። ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳ አንዱ ቴፕ ዘገም ብሎ ቀድቷል። ዘገም ብሎ የቀዳ ቴፕ የያዘው ካሴት ደህና ቴፕ ላይ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። አፑ የሚያውቀው ዋናውን ቅጂ ነው፤ የሮጠውን አይለይም። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩና ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ቀነስኩ። ወደ 6 በመቶ ሲደርስ አፑ በሦስት ሴኮንድ ስሙን አወጣው። የድሮ ካሴት ውስጥ ዘፈን ለምትፈልጉ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢቀር ይህን ያዙ፤ ሙዚቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፍጥነቱን አስተካክሉ።

ቪሳጅ። «ፌድ ቱ ግሬይ»። በ1980 መጨረሻ የወጣ። የሚዘፍነው ስቲቭ ስትሬንጅ የሚባል የዌልስ ልጅ ነው፤ ለንደን ውስጥ ብሊትዝ የሚባለው ጭፈራ ቤት በር ላይ ቆሞ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚል የነበረ። ሴትየዋ በእውነት ፈረንሳይኛ ነው የምትናገረው፤ ግራጫ ስለመሆን ነው እንጂ ስለ ገዳም አይደለም። ዘፈኑን ከጻፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ደግሞ ሚጅ ዩር ነው። ያው የባንድ ኤዱ። ሰውየው ለኛ ረሃብ ዘፈን በጻፈበት ሰሞን አዲስ አበባ መጋረጃ ዘግተን በሌላ ዘፈኑ እንጨፍር ነበር። እሱም አያውቀን፣ እኛም አናውቀው።

ከዚያ አሮጌውን ደብተር ፈለግኩት። የ2013ቱን፣ ከመጀመሪያው ካርቶን ስሞቹን የጻፍኩበትን። ተራ ቁጥር 14 ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ አለ፦ «ቪሳጅ፣ ፌድ ቱ ግሬይ። የማይረባ።» በነፍስ ወከፍ 50 ሳንቲም ከገዛኋቸው መካከል ነበር። በተሳሳተ ቀዳዳ ሰክቼ 15 ሴኮንድ ሰምቼ መልሼዋለሁ።

ዕዳው በ2021 መገባደጃ አለቀ። በዚያ ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ወጥተን አንድ ሸክላ በ3 ፓውንድ ገዛን። ገንዘቡን የከፈለችው እሷ ናት። በደህና ማጫወቻ፣ በትክክለኛው ቀዳዳ አጫወትኩትና ቀድቼ ለወንድም ጋሼ በቴሌግራም ላክሁለት። ዋናው፣ ያልተበላሸው፣ በራሱ ፍጥነት።

ማታ የድምፅ መልእክት መለሰ። «አንተ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ግን ይሄ ደክሞታል። ባትሪ እያለቀበት ነው መሰለኝ።»